ስለ መፀነስ ሕክምና ሆርሞኖችና ስለ ጅቡቲ ሙቀት

በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም። ኀምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን እንኳንስ ሰው፣ የቤቱ ግድግዳም ይግላል። እንዲህ ባለው ከተማ ልጅ ለመውለድ የሚታከሙ ባልና ሚስት የመድኃኒት ሣጥን ይዘው በገቡ ጊዜ፣ በሣጥኑ ላይ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ይቀመጥ» የሚል ቃል ተጽፎ ያገኛሉ። በውስጡ ያለው ሆርሞን ነው። ዋጋው ከባድ ነው፤ ከዋጋውም ይልቅ የተጣለበት ተስፋ ይከብዳል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በሙቀት ቢደክም ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም፣ ሽታውም አይለወጥም። ስለዚህ ሕክምናው ሳይሠምር የቀረ እንደ ሆነ ጥፋቱ በመድኃኒቱ ላይ አይቈጠርም፤ በሴቲቱ ላይ ይቈጠራል።

ይህ ጉዳይ ስለ ምን በእርሻ ገጽ ላይ እንደ ወጣ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። የመፀነስ ሆርሞኖች ዕውቀት ከሐኪም ቤት ይልቅ በበረትና በቄራ ደጃፍ ያደገ ዕውቀት ነው። ዛሬ ለሴቶች የሚሰጡት መድኃኒቶች አብዛኛዎቹ በላምና በበግ መድኃኒት ዘንድ ወንድም ወይም እኅት አላቸው።

ሆርሞን ማለት በአንዱ የአካል ክፍል ተሠርቶ በደም እየተጓዘ ሌላውን ክፍል የሚያዝዝ መልእክተኛ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «አነሣሣለሁ» እንደ ማለት ነው፤ ስሙንም በ1905 ያወጣለት ስታርሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው (በዚህ ጽሑፍ ልዩ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው)። በሴት ዘንድ የመፀነስ ትእዛዝ የሚጀምረው ከአንጎል ነው። አንጎል ጂ ኤን አር ኤች የተባለውን መልእክት በሥሩ ወዳለችው፣ የአተር ፍሬ ወደምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ ይልካል። ይህች ዕጢ ደግሞ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች፤ አንደኛው ኤፍ ኤስ ኤች የዕንቁላልን ከረጢት ያሳድጋል፤ ሁለተኛው ኤል ኤች የበሰለውን ዕንቁላል ከከረጢቱ እንዲወጣ ያደርጋል። ከረጢቱ በሚያድግበት ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ ባዶ የቀረው ከረጢት «ቢጫ አካል» ወደሚባለው ይለወጥና ፕሮጄስትሮንን ይሠራል፤ ይህም ማኅፀንን ፅንስ ለመቀበል ያሰናዳል። ከእነዚህ መልእክቶች አንዱ የቀረ ወይም ያለ ጊዜው የመጣ እንደ ሆነ ፅንስ አይኖርም።

ሊቃውንት ወደዚህ ዕውቀት የደረሱበት መንገድ ለገበሬና ለአርቢ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1930 ኮልና ሃርት የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በእርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ የዕንቁላልን ከረጢት የሚያሳድግ ኀይል መኖሩን ገለጡ። ይህ ከባዝራ ደም የተወሰደ መድኃኒት ለጥቂት ዘመን ለሴቶች ተሰጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን የሴቲቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ስለሚቈጥረውና ስለሚዋጋው ለሰው መስጠቱ ተተወ። ለበግ፣ ለፍየልና ለላም ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚያም በ1949 ፒየሮ ዶኒኒ የተባለ የጣሊያን የኬሚስትሪ ሊቅ ተመሳሳዩን ሆርሞን የወር አበባቸው ከቆመ ሴቶች ሽንት አውጥቶ አጠራው። ሽንቱ የሚሰበሰበው በጣሊያን ገዳማት ከሚኖሩ አረጋውያት መነኮሳት ነበር። ብሩኖ ሉነንፌልድ የተባለው ሐኪም በዚህ መድኃኒት ከታከሙት ሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ በ1962 በእስራኤል አገር ወለደች። ልጅ የመውለድን ነገር ለእግዚአብሔር ብለው የተዉት መነኮሳት ለሌሎች ሴቶች የልጅ ምክንያት መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው።

ከአንጎል የሚወጣው የጂ ኤን አር ኤች ነገር ደግሞ ከቄራ የተገኘ ነው። ጊዬማ የተባለው ሊቅ የበጎችን፣ ሻሊ የተባለውም የዐሣሞችን አንጎል ከቄራ እያስመጡ፣ ከብዙ መቶ ሺህ ጭንቅላት ጥቂት ሚሊግራም ለማግኘት ለዓመታት ደከሙ። የሆርሞኑ አሠራር በ1971 ታወቀ፤ ሁለቱም በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከሰውነት ውጭ ዕንቁላልን ከዘር ጋር በማገናኘት በ1978 የመጀመሪያዋን ሕፃን ለማስወለድ ካበቁት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ኤድዋርድስ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጀመረው በእርሻ ክፍል ነበር፤ በኋላም በእንስሳት ዘር ጥናት ዶክተር ሆነ። እርሱም በ2010 ኖቤልን ተቀብሏል።

በአገራችን የከብት ርቢ ታሪክም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሰው ሠራሽ ዘዴ ከብት ማዳቀል በአሥመራ በ1938 ተጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ነበር፤ በኋላ ዘመን በ1981 በቃሊቲ ብሔራዊ ማዕከል ቆመለት። ከ2011 ወዲህ ደግሞ በሐዋሳና በዳሌ፣ በአዲግራትና በመቀሌ አካባቢ ብዙ ላሞችን በአንድ ሰሞን በሆርሞን አዘጋጅቶ የማዳቀል ሥራ ተሠርቷል። ላም ኮርማ የምትፈልገው በ21 ቀን አንድ ጊዜ ያህል ነው። ፕሮስታግላንዲን የተባለው መርፌ ቢጫውን አካል ያጠፋና ላሟ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ኮርማ እንድትፈልግ ያደርጋታል። ነገር ግን ቢጫ አካል የሌላት ላም ብትወጋ ምንም አይሆንም፤ እርጉዝ ላም ብትወጋ ደግሞ ትጨነግፋለች። ከስታ አጥንቷ የወጣች ላምም ብትሆን የመርፌው ትእዛዝ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ ብልህ አዳቃይ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ላሟን ይመረምራል። ይህን የሚያውቅ አርቢ የሴቶቹን ሕክምና ለመረዳት ሩብ መንገድ ሄዷል።

የሰው ሕክምና እንደሚከተለው ነው። ዕንቁላሏ በወሩ የማይወጣላት ሴት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰጣት የሚዋጥ ክኒን ነው። ከእነዚህ አንዱ ክሎሚፌን ነው፤ አንጎል ኤስትሮጅን ያነሰ መስሎት ኤፍ ኤስ ኤችን ጨምሮ እንዲልክ ያታልለዋል። ሌላው ሌትሮዞል ነው፤ መጀመሪያ ለጡት ካንሰር የተሠራ ሲሆን ዛሬ የዕንቁላል ዕጢያቸው ብዙ ጥቃቅን ከረጢት የያዘባቸውንና ዕንቁላላቸው በየጊዜው የማይወጣላቸውን ሴቶች ለማከም በቅድሚያ የሚመረጥ ሆኗል። ሁለቱም የሚወሰዱት በወር አበባው መጀመሪያ ገደማ ለ5 ቀናት ነው። ክኒኑ ያልረዳት ሴት ወይም ዕንቁላሏ ከሰውነት ውጭ ከዘር ጋር የሚገናኝላት ሴት ኤፍ ኤስ ኤች ያለበትን መርፌ ከ8 እስከ 14 ለሚሆኑ ቀናት በየቀኑ በሆድ ቆዳ ሥር ትወጋለች። በተፈጥሮ በወር አንድ ዕንቁላል የሚበስለው በዚህ ጊዜ ብዙ ሊሆን ይችላል። ዕንቁላሎቹ ያለ ጊዜያቸው እንዳያመልጡም ኤል ኤችን የሚገታ ሌላ መርፌ ይጨመራል። ሐኪሙ በየጥቂቱ ቀን በአልትራሳውንድ ከረጢቶቹን ይለካል፤ የደም ምርመራም ያደርጋል። ከረጢቶቹ 18 ሚሊሜትር ገደማ በደረሱ ጊዜ ኤች ሲ ጂ የተባለው የመጨረሻ መርፌ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማኅፀኑን ለማጽናት ፕሮጄስትሮን ይከተላል።

በኢትዮጵያ ከሰውነት ውጭ የማስፀነስ ሕክምና በመንግሥት ሐኪም ቤት የተጀመረው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) በተከፈተው ማዕከል ነው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ቀላል ሆኗል፤ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ምድር ባቡር ቢያልፍም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ መንገደኛ ያመላልሳል። ችግሩ መድኃኒቱ ከሰዎቹ ጋር በሚመለስበት ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የቤት ውስጥ ሙቀቷ ከ25 ዲግሪ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከሆርሞን መርፌዎቹም አንዳንዶቹ ከማቀዝቀዣ ወጥተው ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለተወሰኑ ሳምንታት ሊቆዩ እንደሚችሉ በወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው «በክፍል ሙቀት ይቀመጣል» ብሎ ይረዳል። በአዲስ አበባ አልተሳሳተም። በዚያው መርፌ፣ በዚያው ወረቀት፣ ድሬዳዋንና አሊ ሳቢህን አልፎ ናጋድ ጣቢያ በወረደ ጊዜ ግን ተሳስቷል፤ ምክንያቱም በበጋ የጅቡቲ ክፍል፣ አየር ማቀዝቀዣ ካልተከፈተበት በቀር፣ በእኩለ ሌሊት እንኳ 25 ዲግሪ አይሆንም። በወረቀቱ ላይ ያለው «ክፍል» የአውሮፓ ክፍል ነው። ለክኒኖቹ የተወሰነው ወሰንም እንደ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 30 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ክኒን ስለ ሆነ ብቻ በመስኮት ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ሊተው አይገባም።

እነዚህ መርፌዎች ሙቀትን የማይወዱበት ምክንያት ከፕሮቲን የተሠሩ በመሆናቸው ነው። ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ ሥራውን የሚሠራው በተጣጠፈበት ቅርጽ ነው፤ ሙቀት ቅርጹን ይፈታዋል። ጥሬ ዕንቁላል በምጣድ ላይ ሲነጣ የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመርፌው ጥፋት ለዐይን የማይታይ መሆኑ ነው። መልሶ ማቀዝቀዝም የተፈታውን አያጥፈውም። ብርድም ቢበዛ ጠላት ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ መርፌ ቢቀልጥም አይረባም። ስለዚህ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋ ከሚቀመጥበት ከበረዶው ክፍል አጠገብ ወይም በበሩ ላይ ሳይሆን በመካከለኛው መደርደሪያ መቀመጥ አለበት። በመንገድም በረዶ ባለበት ሣጥን ሲያዝ መድኃኒቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበረዶው መለየት ያስፈልገዋል። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰውም ከዕቃ ጋር ሳያስጭን በእጁ ሊይዘው ይገባል። ርጥብ ጨርቅ ማልበስ በደረቁ አገር ጥቂት ይረዳል፤ በባሕር ዳር ግን አየሩ ርጥበት ስለሚበዛበት ብዙ አይጠቅምም።

የከብት ክትባት ይዘው በቆላ የተጓዙ ሰዎች ይህን ሁሉ ያውቁታል። የደስታ በሽታን ከምድር ለማጥፋት በ2011 የተቻለው፣ በከፊል ሙቀት የሚችል ክትባት ስለ ተሠራና ከጅቡቲ ጋር በሚዋሰነው በአፋር ቆላ በአርብቶ አደሮች እጅ ስለ ተዳረሰ ነው። ለኤፍ ኤስ ኤች መርፌ ግን የጅቡቲን ሐምሌ የሚችል ዐይነት በገበያ የለም። አንዳንዶቹ በዱቄት መልክ ደርቀው የሚመጡት ይሻላሉ፤ የእነርሱም ወሰን ቢሆን 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ባልና ሚስት የትኛውን ዐይነት እንደሚሰጣቸው ሐኪሙን ቢጠይቁ ሊያፍሩበት አይገባም፤ ሐኪሙም የሚኖሩበትን አገር ቢጠይቅ መልካም ነበር።

ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ልማዱ ማቀዝቀዣውን እየከፈቱ «በርዷልን?» ማለት ነው፤ ይህ ከመብራቱ መጥፋት ይልቅ ይጐዳል። በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር የውኃ ኀይል ኤሌክትሪክ የምታገኝ ብትሆንም፣ በበጋ ሁሉም አየር ማቀዝቀዣውን በከፈተበት ሰዓት መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ዋጋው ትንሽ የሆነ የሙቀት መለኪያ በማቀዝቀዣው ውስጥ ማኖር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ሙቀት ነክቶታል ተብሎ የተጠረጠረ መርፌ ካለ ሳይጣል ለሐኪሙ ማሳወቅ ይበጃል፤ በራስ ፈቃድ መጠኑን ጨምሮ መውጋት ግን አደገኛ ነው።

አደገኛ የሆነበትም ምክንያት ይህ ነው። የዕንቁላል ዕጢዎች ከመጠን በላይ በተነሣሡ ጊዜ ያብጣሉ፤ ከደም ሥር ውኃ እየወጣ በሆድ ይጠራቀማል። የሆድ መነፋት፣ ክብደት በአንድና በሁለት ቀን በድንገት መጨመር፣ ማስታወክ፣ የሽንት ማነስ፣ የትንፋሽ ማጠር የታየባት ሴት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያለባት በዚያው ቀን ነው፤ ደም በሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላልና። በጅቡቲ ሙቀት የሽንት ማነስን «ላብ ስለ በዛ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ስለ ሆነ እዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንታ መፀነስም ይበዛል፤ በክሎሚፌን ከተፀነሱት ከመቶው ከ5 እስከ 8 የሚሆኑት መንታ ናቸው፤ በመርፌ ሲሆን ካልተቈጣጠሩት ከዚህም ያልፋል። መንታ በረከት ነው ቢባልም ለእናቲቱና ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱት ሕፃናት አደጋ አለው።

የከብት ሆርሞን በቤት ያለባቸው ሰዎችም ሊጠነቀቁ ይገባል። ለላም የሚወጋው ፕሮስታግላንዲን በቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ እርጉዝ ሴት ቢፈስስባት ሊያስጨነግፋት፣ አስም ያለበትን ሰውም ደረቱን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ለመፀነስ የምትታከም ሴት ልትነካው ቀርቶ ከመድኃኒቷ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ልታኖረው አይገባም። የእንስሳት መድኃኒት ለሰው ይሆናል የሚል ወሬ ማመን ደግሞ ፍጹም ክልክል ነው።

ስለ ባሎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ልጅ በታጣ ጊዜ ምክንያቱ በወንዱ በኩል መሆኑ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሴቲቱ ለዓመታት ስትመረመር ባልየው አንድ ቀን እንኳ ዘሩን ሳያስመረምር የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። አርቢ መንጋው ባይወልድለት ኮርማውን ሳይመረምር ላሞቹን ሁሉ አይሸጥም። ከዚህም የሚብሰው፣ ኀይል ይሰጣል ተብሎ ቴስቶስቴሮን የሚወጋ ወንድ ልጅ አገኛለሁ ብሎ ማሰቡ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ቴስቶስቴሮን ለአንጎል «በቅቷል» የሚል መልእክት ስለሚሆን ፒቱታሪ ትእዛዟን ታቆማለች፤ የዘሩም ቍጥር ወርዶ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ከተወው በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል።

ወደ መጨረሻው መርፌ፣ ወደ ኤች ሲ ጂ እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ሰዓት የሚጠብቀው እርሱ ነውና። ኤች ሲ ጂ እርጉዝ ሴት የምትሠራው ሆርሞን ስለ ሆነ፣ ከመርፌው በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ በቤት የሚደረግ የእርግዝና ምርመራ መርፌውን ራሱን አይቶ «አርግዘሻል» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት እልል ተብሎ ከሳምንት በኋላ የተለቀሰበት ቤት አለ። ሐኪሙ የደም ምርመራ ቀን የሚቀጥረው ስለዚህ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት መመርመር ትርፉ ልብ ማቍሰል ነው።

ዕንቁላሉ ከሰውነት የሚወሰደው መርፌው ከተወጋ 36 ሰዓት ገደማ ሲሆን ነው። ስድስት ሰዓት ቢቀድም ዕንቁላሉ ገና አልበሰለም፤ ስድስት ሰዓት ቢዘገይ ከከረጢቱ አምልጦ ሊሆን ይችላል። ስድስት ሰዓት ደግሞ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ሰዓት አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱ አገሮች አንድ የፀሐይ ሰዓት ቢኖራቸውም፣ በአዲስ አበባ «ከምሽቱ 4 ሰዓት» የሚባለው በጅቡቲ እንደ ፈረንሳዮች ልማድ «22 ሰዓት» ይባላል። በአዲስ አበባ ሐኪም የታዘዘውን የምትወጋት የጅቡቲ ነርስ «4 ሰዓት» የሚል ብቻ ተጽፎ ብታገኝ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በአራት ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ በ16 ሰዓት ልትረዳው ትችላለች፤ በዚያች አንዲት መሳሳት የሁለት ሳምንት መርፌና የብዙ ወር ቍጠባ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ትእዛዙ በሁለቱም አቈጣጠር፣ ቀኑም በስሙ ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ይኸውም 22 ሰዓት፤ ዕንቁላል የሚወሰደው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ይኸውም 10 ሰዓት» ተብሎ። ወረቀቱም በማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ፤ ባልየውም ይወቀው፤ የእጅ ስልክም በዚያው ሰዓት እንዲጮኽ ይደረግ።